ጠያቂ ያመጣው መድኃኒት

ጠዋት ጎንደር መናኸሪያ ገብቼ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚሄድ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ፋርማሲስት ነኝ፤ ሳይጠሩኝ ሰው ቤት መሄድ ያስፈራኛል። ያስነሳኝ ደሴ ነው። ደሴ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ወድቆ ጭንቅላቱን የተጎዳ የወገራ ገበሬ ነው። በመተንፈሻ መሣሪያ ሲሰነብት የሳንባ ምች ያዘው፤ የምንሰጠው መድኃኒትም ትኩሳቱን አላወረደለትም። የላቦራቶሪው ውጤት ገና ነው። በቅርብ ጊዜ ጸረ ተህዋስያን መድኃኒት ወስዶ ከነበረ፣ ተህዋሱ ተላምዶት ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ውጤቱን ሳይጠብቅ የመጨረሻውን ብርቱ መድኃኒት ይጀምርለታል። ሚስቱ የሺ ምንም አልወሰደም ብላለች። እሷ ግን ክረምቱን ለወሊድ እናቷ ቤት ነበረች። የእናቱ ስልክ አይሠራም። የእረፍት ቀኔ ስለሆነ እኔ ሄድኩ።

ወደ ወገራ

ዳገቱን ስንጨርስ ጉም መንገዱን ዋጠው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ስስ ሹራቤን አይተው "የወገራ ብርድ እንግዳ አያከብርም" አሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ጣል አደረጉልኝ። ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ወፍጮ ቤቱ በባጃጅ ሄጄ፣ የቀረውን በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል በእግሬ ወጣሁ።

እነ ደሴ ግቢ ገብቼ ከሆስፒታል መምጣቴን ስናገር የሴቶቹ እጅ ወደ ነጠላቸው ሄደ። የደሴ ታላቅ ወንድም አያ ማሩ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

"መርዶ እንደሆን በጆሮዬ ንገሪኝ። እናታችን ፊት አይሆንም።"

"በሕይወት አለ። ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት።"

እናቱ ሰምተው ተነፈሱ። "ታዲያ ምነው ፊትሽን እንዲህ አጠቆርሽው?"

ደሴ መድኃኒት ወስዶ እንደነበር ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ምንም አልወሰደም አሉኝ። ቆይተው ግን፣ "ክረምት ሳል ይዞት ሳለ ጠያቂ ባዶ እጁን አልመጣም" ብለው ከቅል ውስጥ እፍኝ ሙሉ ካፕሱልና እንክብል አወጡ። ቀይና ጥቁሩን ጎረቤት፣ ቢጫውን የክርስትና እናቱ፣ ሁሉም ከቤታቸው የተረፈውን ነው ያመጡለት። ደሴ ሸጋ ሲሆን መዋጡን ተወው፤ እናቱም ከቀረው ላይ ቆንጥረው ሌላ በሽተኛ ጠይቀውበታል። ከእንክብሎቹ አንዱ አሁን እኛ ከምንሰጠው ጋር አንድ ነበር።

ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቼ ለሐኪሙ ደወልኩ። አሁኑኑ እቀይራለሁ አለኝ።

መመለሻ

አያ ማሩ አብረውኝ ተሳፈሩ። ኮሪደር ላይ ለምታድረው ለየሺ ብርድ ልብስ ይዘዋል። የኮሶዬን መንደር እንዳለፍን ስልኬ ላይ ከሐኪሙ መልእክት ገባ፦ ደሴ አረፈ፤ አዲሱን መድኃኒት ጀምረንለት ነበር።

"ምነው?" አሉኝ አያ ማሩ።

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው።

አላለቀሱም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ላለ አንድ ዘመድ ደውለው፣ አስከሬኑን ይዘው እስኪደርሱ ድረስ እናታቸው እንዳይሰሙ አዘዙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ያ ያመጣንለት ነው የገደለው?" አሉ።

"እሱ ብቻ አይደለም። በመሣሪያው ብዙ ሰነበተ፤ ጉሮሮው ውስጥ ያለው ቱቦ ለተህዋሱ መንገድ ይከፍታል። በእኛ በሠራተኞቹ እጅም ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው ይተላለፋል።"

"እንግዲያ የሁላችንም ነው" አሉ። "እናቴ ግን ይህን አትስማ።"

ሆስፒታል ስንደርስ የሺ ሰምታ ነበር። ለእሷ በመጣው ብርድ ልብስ ደሴን ጠቀለሉት። እኔ ቤቴ ገብቼ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ።

በማግስቱ አዲስ በሽተኛ ተኛ። አስታማሚዋን መድኃኒት ወስዶ ነበር ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም።

"ታሞ ሳለ ማን ጠየቀው? ምን ይዘውለት መጡ?" አልኳት።

ቦርሳዋን ከፈተች።