የሙቀጫው ከንፈር

ከሐረር ኤረር በር ገባ ብሎ፣ ግንብ ከግንብ በሚተሻሽበት ጠባብ መንገድ የሚያልፍ ሰው የጃሚላን ቤት የሚለየው በዐይኑ ሳይሆን በጆሮው ነበር። ዱም፣ ዱም፣ ቋ። ዘነዘናው ሁለት ጊዜ የሙቀጫውን ሆድ ይመታል፤ በሦስተኛው ከንፈሩን ነካ ያደርግና የተጣበቀውን ቅመም ያራግፋል። እንደገና ዱም፣ ዱም፣ ቋ። እንዲህ መውቀጥን ማንም አላስተማራትም። እጇ ለምዶት ቀረ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ቅመሟ ስም አወጣ። ድንብላሏን፣ እርዷንና ኮረሪማዋን ለመግዛት ከግንቡ ውጭ ካለው አዲሱ ከተማ የሹማምንት ሚስቶች ሳይቀሩ ይመጡ ነበር። ባሏ ራሺድ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ የስፌት መኪኖች ቀኑን ሙሉ በሚንጫጩበት፣ ልብስ ሰፊ ነው። «አንቺ ትወቅጫለሽ፣ እኔ እወጋለሁ፤ በቤታችን ዝም ያለ ነገር የለም» እያለ ያስቃት ነበር። ዝም ያለ ነገር ግን ነበረ። ልጅ አልወለዱም።

«አግባ» ያለችው ራሷ ጃሚላ ናት። ሰው እንዲህ የሚለው «ወላሂ አላገባም» እንዲባልለት ነው። ራሺድ ግን የመቀስ ሰው ስለሆነ በተሰጠው ልክ ቆረጠው፤ ከሶፊ ገጠር የጫት ገበሬ ልጅ አገባ።

ሩቂያ ትባላለች። ዐይነ ትልቅ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ የምትናገር ልጅ ናት። ገና ከደጅ ስትገባ የጃሚላን እጅ ሳመችና «አባይ ጃሚላ» አለቻት። አባይ በሐረር ታላቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። ጃሚላ የዚያን ቀን መስተዋት ፊት ብዙ ቆመች።

ይህን ሁሉ ልትችለው ትችል ነበር። ያልቻለችው ኪርታቱን ነው። ኪርታት በሐረር ቤት ውስጥ ሙሽራ የምትከርምበት፣ ከትልቁ ክፍል በእንጨት ፍርግርግ የተለየ ትንሽ ክፍል ነው። ጃሚላ ራሷ በሙሽርነቷ ወራት እዚያው ከርማለች። ራሺድ ከሥራ ሲመለስ በፍርግርጉ ቀዳዳ ለውዝ ያቀብላት ነበር። አሁን ያንኑ ቀዳዳ፣ ያንኑ ለውዝ፣ ያንኑ እጅ ከውጭ ሆና ታያለች። በቅናት እርር ድብን አለች። ቢሆንም ምን ብላ ትናገር? «አግባ» ብላ የለ!

አንድ ቀን ሙቀጫዋን ከወጥ ቤቱ ደጃፍ አንከባላ አመጣችና በግቢው በኩል ከኪርታቱ ግድግዳ ሥር ተከለችው። ከዚያ ወዲያ ቀትር ላይ፣ ሰው ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ መውቀጥ ጀመረች።

የራሺድ አክስት ነሲማ በጎረቤት ነው የሚኖሩት። ባለብዙ ነገር አሮጊት ናቸው፤ የማይሰሙት የለም።

«ጃሚላ፣ ሙቀጫውን ምነው እዚህ ወሸቅሽው? ልጅቷ ትረፍበት እንጂ።»

«ጥላው እዚህ ነው፣ አባይ።»

«ጥላው ነው ወይስ ጥላቻው?» አሉና ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

ሩቂያ አረገዘች። ሆዷ በገፋ ቁጥር የጃሚላም ዘነዘና እየከበደ ሄደ። የሚወቀጥ ቅመም ባለቀ ጊዜ የተወቀጠውን መልሳ ትወቅጠዋለች። ልጅቷ አንድ ቀን እንኳ «ራሴን አመመኝ፣ ይብቃዎት» አላለችም። ጃሚላን ከሁሉ ያበገናት ይህ ነበር። የማይመልስ ሰው እንዴት ይጣሉታል?

ሩቂያ ወንድ ልጅ ወለደች። ራሺድ በልጁ ቀኝ ጆሮ አዛን አለበት። ያዋለዱት ነሲማ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ወደ ግቢው ወጡና ዘነዘናውን ከጃሚላ እጅ ወስደው ግድግዳ ላይ አስደገፉት።

«አርባዋ እስኪወጣ በዚህ ግቢ ምንም አይወቀጥም። የበርበሬ ብናኝ ሕፃን ያንቃል።»

«እሺ፣ አባይ።»

ያን ጊዜ ግቢው ጸጥ አለ። ልጁም ማልቀስ ጀመረ።

መጀመሪያ ሁሉም ደስ አለው። «ሳንባው ይባረክ! የሚጮኽ ልጅ ይኖራል» ተባለ። እየዋለ እያደረ ግን ልቅሶው ለደስታ የሚሆን አልሆነም። ጡት ይይዛል፣ ይተዋል፣ ይጮኻል። አብሽ ተዘፍዝፎ ውሃውን በጣት ጫፍ አቀመሱት። እምብርቱን በቅቤ አሹት። ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥረው እጁ ላይ አሰሩለት። ሼኹ መጥተው ያሲን የሚባለውን የቁርኣን ምዕራፍ ቀሩበት፣ እፍ እፍ አሉበት፤ እሳቸው እፍ ባሉ ቁጥር እሱ ትንፋሹን ይስባል፣ ከዚያ የባሰ ይለቀዋል። ራሺድ ሥራውን ትቶ ታቅፎት በግቢው ይንጎራደድ ጀመር። «ዝም በል የኔ ሐር፣ ዝም በል የኔ ክር» እያለ በማያምር ድምፁ ያዜምለታል። ራሺድ ዜማ እንደሚያውቅ ጃሚላ ሰምታ አታውቅም። ይህን ዜማ የት ደብቆት ኖሯል?

እሷ ትልቁ ክፍል ውስጥ መደቡ ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ልጁ ሲጮኽ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል። ወዲያው ደንግጣ «አስተግፊሩላህ» ትላለች። ደግሞ ይጮኻል፣ ደግሞ ቅቤ ይጠጣል። ያልሰጠኸኝን ሰጠሃት፤ እንቅልፏን ግን ወሰድህባት፣ ትላለች በሆዷ። ይህን የምትለው ለአላህ ነው፤ ለሰው አይነገርም።

ሰው ግን አልነገሩኝም ብሎ አይቀርም። አፎቻ የሚባለው የሴቶች ማኅበር አራስ ሊጠይቅ ሲመጣ ዐይኖች ሁሉ ከሕፃኑ ተነሥተው ጃሚላ ላይ ያርፋሉ።

«ማሻአላህ በይ እንጂ፣ ጃሚላ» አለች አንዷ።

«ገና ልጁን መች አየሁትና!»

«ሳታዪውም በይ።»

የዐቂቃው በግ በታረደ ቀን ልጁ ዐብዱልወሃብ ተባለ። በልቅሶው ብዛት ስሙን የሰማው ከሼኹ አጠገብ የተቀመጠ ብቻ ነበር። የሩቂያ እናት አሚና ያን ቀን ከሶፊ ወተት ይዛ መጥታለች። ዕድሜዋ ከጃሚላ ብዙም አይርቅም፤ ነገር በጉያዋ የምትይዝ ሴትም አይደለችም። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሣች።

«ልጁን ዐይን በልቶታል። የማን ዐይን እንደሆነ አልናገርም። ነገ ጧት ሁለቱንም ሶፊ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

«አርባዋ ሳይሞላ? አራስ በበቅሎ?» አሉ ነሲማ።

«በበቅሎ ባይሆን በጀርባዬ!»

ራሺድ መሬት መሬት አየ። «ልጁ ይረፍልኝ እንጂ እኔ እየተመላለስኩ አየዋለሁ» አለ።

ጃሚላ ይህን ስትሰማ ልቧ ዘለለ። ይሄዳሉ! ኪርታቱን ጠርጌ በሩን እዘጋዋለሁ፣ ሙቀጫዬን ወደ ጥንት ቦታው እመልሳለሁ፣ ራሺድም እየተመላለሰ ይደክመውና ይተወዋል፣ አለች። ባለ ክፉ ዐይን ሊሏት ነው፤ ይበሏት። ሐሜት ያልፋል፣ ቤት ይቀራል።

እንግዶቹ ተበታትነው፣ ነሲማም ቤታቸው ሊያርፉ ገብተው፣ ራሺድና አሚናም በቅሎ ፍለጋ ወጥተው ሳለ እልፍነሽ መጣች። ባሏ አዲሱ ከተማ ውስጥ ጸሐፊ ነው፤ የጃሚላ የጥንት ደንበኛ ናት።

«ጃሚላዬ፣ ድንብላሌስ? ነገ እንግዳ አለብኝ እኮ!»

«አራስ አለን። እንዳልወቅጥ ተከልክያለሁ።»

«በርበሬ ይከልከል፣ ድንብላል ምን አደረገ? ደግሞ ይሄ ልጅ ከዚህ በላይ ምን እንዳይጮኽ ነው!» አለች እልፍነሽ ጆሮዋን ይዛ።

እውነትም፣ ምን እንዳይጮኽ ነው? ከጮኸ ይጩኽ፤ የመጨረሻ ቀኑ አይደለም ወይ? ጃሚላ ድንብላሉን ሙቀጫው ውስጥ ጨመረች፣ ዘነዘናውን አነሣች። ዱም፣ ዱም፣ ቋ። ዱም፣ ዱም፣ ቋ።

ልቅሶው ቆመ።

ቀጥ ብሎ ነው የቆመው፣ ክር በጥርስ እንደተበጠሰ። ጃሚላ ልጁ የሞተ መስሏት እጇ አየር ላይ ቀረ። ወዲያው ከግድግዳው ወዲያ ጩኸቱ ተለቀቀ። መታች፤ ዝም አለ። አቆመች፤ ጮኸ። እልፍነሽ ኮረሪማ እያሸተተች ስትመርጥ ነበርና ምንም ልብ አላለችም። ጃሚላ ግን ገባት። ግድግዳ ሥር ያሳለፈቻቸው እነዚያ ቀትሮች ሁሉ በራሷ ላይ መጡባት። እናትየዋን ልታስለቅስ ስትወቅጥ ለካ ልጁን እሹሩሩ ስትል ኖራለች!

ዘነዘናውን አስቀመጠች።

«ነገ ነይ፣ እልፍነሽ።»

«እንዴ! ግማሹ ተወቅጦ?»

«እጄን አሞኛል።»

እልፍነሽ እያጉረመረመች ሄደች። ልጁ አለቀሰ። ጃሚላ ሁለት እጆቿን ጭኖቿ መካከል ጨብጣ ተቀመጠች፣ ሳይታዘዙ እንዳይነሡ የፈራች ይመስል። አንዲት ቃል ብትናገር ልጁ ያርፋል፣ ሩቂያም ትቀራለች፣ ለውዙም በቀዳዳው መግባቱን ይቀጥላል። ባትናገር ይሄዳሉ። ሆድ ይፍጀው አለች።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ በቅሎው ደጅ ቆመ። ልጁ ድምፁ ተዘግቶ እንደ ጫጩት ሲር ሲር ይላል። አሚና ጨርቁን ትቋጥራለች፣ ራሺድ ይሸከማል፣ ነሲማ ይሳደባሉ። ሩቂያ ዐይኗ አብጦ፣ ልጇን ታቅፋ፣ ሙቀጫው አጠገብ ወደቆመችው ወደ ጃሚላ መጣች።

«አባይ ጃሚላ፣ ይማሩኝ። ከርስዎ ሙቀጫ መለየቱ ከብዶኛል።»

«ከሙቀጫዬ?»

«እዚህ ስመጣ ሰው አላውቅም ነበር። ብቻዋን እንዳትሆን ብለው ግድግዳዬ ሥር ሲቀመጡልኝ፣ ስንቴ ‹አላህ ይስጥልኝ› ልልዎ አስቤ አፈርኩ። ይሄም ቢሆን፣» አለች ልጇን እያየች፣ «ሆዴ ውስጥ ሲራገጥ ርስዎ መውቀጥ ሲጀምሩ ጸጥ ይል ነበር።»

ጃሚላ የልጅቷን ፊት ፈተሸችው፤ ፌዝ ፈለገችበት፣ አላገኘችም።

አሚና ቋጠሮውን እያጠበቀች ጣልቃ ገባች። «ነይ ውጪ እባክሽ! ሙቀጫ ነው የጠፋው? ሶፊ ስንት ሙቀጫ አለ! አክስቶቹ እየተቀባበሉ ይወቅጡለታል፤ በነሱ ይለምዳል፣ ይሄንን ይረሳል።»

ይሄንን ይረሳል። ጃሚላ ባሏን ስትጋራ የቻለችው፣ ኪርታቷን ስትለቅ የቻለችው ልቧ፣ ስማቸውን እንኳ የማታውቃቸው የሶፊ ሴቶች በሷ ዱምታ ሲቀድሟት ታየውና እምቢ አለ። በልጁም ተናደደችበት፤ እንዲህ ቶሎ ሊረሳት!

ዘነዘናውን አነሣች። ሙቀጫው ውስጥ የትናንቱ ድንብላል በግማሹ ነበር። ዱም፣ ዱም፣ ቋ።

ልጁ ሲርታውን አቆመ። ዱም፣ ዱም፣ ቋ። አንገቱን ወደ ድምፁ አዘነበለ። ራሺድ ቋጠሮውን እግሩ ላይ ጣለው። ነሲማ በሰፊው የተከፈተ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጃሚላ ማንንም ሳታይ ወቀጠች፣ ድንብላሉ ዱቄት ሆኖ ዱቄቱ እስኪተንን ወቀጠች። ልጁ በእናቱ ክንድ ላይ ተኛ።

«አሁን ዐይን በልቶታል ያለችው ማን ነበረች?» አሉ ነሲማ፣ ወደ አሚና ዞረው። «በይ በቅሎሽን ሰው ሳይስቅብሽ መልሺው!»

በቅሎው ባዶውን ተመለሰ። ከዚያን ቀን ወዲያ ሙቀጫው ከኪርታቱ ሥር አልተነሣም፤ በርበሬ ብቻ በነሲማ ግቢ ይወቀጥ ተባለ። አፎቻዎቹም ስሟን በሌላ ቃና ያነሡት ጀመር። «ዐብዱልወሃብን ዝም የምታሰኘዋ» ሲሏት ጃሚላ ራሷን ቀና ታደርጋለች።

ቅናቱ ግን የት ይሄዳል? ቦታ ለወጠ እንጂ። አሚና አንድ ቀን ዘነዘናውን ነጥቃ ብትወቅጥ ልጁ ጮኸባት። ነሲማ ሞከሩ፤ ጮኸባቸው። «እጅሽ ላይ ምን አለ?» ሲሏት «እጅ የአላህ ነው» ትላለች። ሩቂያ አርባዋን ጨርሳ እንድታስተምራት ስትለምናት ጃሚላ እሺ አለች፤ አጠገቧ አስቀምጣም ዱም፣ ዱም፣ ዱም ብላ አሳየቻት። ሦስተኛውን፣ የከንፈሩን፣ ደበቀች። ሩቂያም ዱም፣ ዱም፣ ዱም አለች። ልጁ አለቀሰ። «አየሽ፣ ገና ነሽ» አለች ጃሚላ፣ ደስታዋን ለመሸሸግ ፊቷን ወደ ቅመሙ አዙራ።

ልጁ መሳቅ በጀመረበት ሰሞን ጃሚላ ኤረር በር ገበያ ቅመም ሸጣ ስትመለስ፣ መንገዱ ላይ ድምፅ ሰማች። ከራሷ ግቢ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ቋ። ልክ እንደሷ፤ አንዲት ሳይዛነፍ። የልጅ ልቅሶ አይሰማም። ጃሚላ ቅርጫቷን እንደያዘች ግንቡን ተደግፋ ቆመች፤ ደረቷ ላይ ፍም የወደቀባት መሰላት። ወስዳዋለች። ይሄንንም ወስዳዋለች።

በሩን በርግዳ ገባች። ሩቂያ ቀና ብላ አየቻትና እጇ ለቅጽበት ቆመ። ከዚያ እንደገና ወቀጠች፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ከንፈሩን ሳትነካ። ጀርባዋ ላይ የታዘለው ዐብዱልወሃብ ተነጫነጨ፣ አለቀሰ።

«ዛሬም እምቢ አለኝ፣ አባይ ጃሚላ» አለች ሩቂያ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ዘነዘናውን በሁለት እጇ እያቀረበች። «ርስዎ ይሞክሩት።»

ጃሚላ ከመቼ ጀምሮ እንዳወቀችው አልጠየቀችም። ቅርጫቷን አስቀመጠች፣ ዘነዘናውን ተቀበለች። የልጅቷ ደግነት ራሱ አስቀናት፤ ይሄም ከየት እንደሚገኝ አታውቅም ነበርና። ዱም፣ ዱም አለች፤ ከዚያም ጠንከር አድርጋ፣ ልጅቷም ልጁም እንዲሰሙት፣ የሙቀጫውን ከንፈር መታችው።