አልጋዋ ከስልኩ አጠገብ ነበር

በመጻሕፍት መደርደሪያዬ የላይኛው እርከን ላይ፣ ክዳኑ የሚቆለፍ አንድ አሮጌ ድስት ተቀምጧል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋልና እንፋሎት አይዝም። የልጅ ልጄ በመጽሐፍ ቦታ ድስት ምን እንደሚሠራ ደጋግማ ጠይቃኛለች፤ «አደራ ነው» እያልኩ አልፌያታለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ከአጥሩ ወዲያ ከገቡት አዲስ ጎረቤቶቻችን ቤት እንዲህ ያለው ድስት ሲያፏጭ ሰማሁ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ከሦስተኛው በኋላ ዝም አለ። የያዝኩትን ጋዜጣ አጥፌ አስቀመጥኩ። ለልጅቱ ያልነገርኳትን እንግዲህ ለአንተ ልንገርህ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አምቦ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ማስተማር የጀመርኩ ወጣት ነበርኩ፤ ብዙ የማውቅ የሚመስለኝ፣ የሰውን ሰዋስው በአደባባይ የማርም፣ በዚያም የምኮራ። የተከራየሁት ክፍል የአንዲት ባልቴት የጤና ረዳት ግቢ ውስጥ ነበር። በነሐሴ ወር፣ ጭቃው ከምንጊዜውም በከፋበት ሰሞን፣ ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው ክፍል ተከራይ አገኘች። ከደቡብ ህንድ፣ ከሞቃት የባሕር ዳርቻ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነበር።

ሰውየው ለአምቦ ያልተሠራ ነበር ብል አላጋነንኩም። በመጀመሪያው የገበያ ቀን የአንድ እግር ጫማው ሶል ጭቃ ውስጥ ቀረ። በብርዱ ምክንያት ሹራቡን ከፒጃማው በላይ ደርቦ ይተኛ ነበር። ሥጋ አይበላም። አከራያችን ይህን ገና ሳታውቅ፣ ለመስቀል እንግዳ አክብራ በሳህን ጥሬ ሥጋ ወሰደችለት። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አንገቱን ሰብሮ አመሰገነ፤ በሩን ዘግቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ በጓሮ በኩል ለጎረቤት ውሻ ሰጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሻው ከደጁ አልጠፋም። አከራያችንም የሆነው ገብቷት ከልቧ ሳቀች፤ «ኦቦ ባርሲሳ፣ ዘመድ አገኘህ እኮ» አለችው። ኦቦ ባርሲሳ ማለት በኦሮምኛ አቶ መምህር እንደማለት ነው።

ስሙ ረጅም ነበር፤ ለመጥራት የሞከረ ሰው አላስታውስም። በቢሮ «ሚስተር» ይሉታል፤ የሰፈር ልጆች «ህንዱ» ይሉታል፤ እኔም ብሆን «መምህር» ከማለት አላለፍኩም። አንድ ቀን ከክፍል ስንመለስ፣ እንደዋዛ፣ «ስምንት ወር ሆነኝ» አለኝ። «በስሜ የጠራኝ ሰው የለም። ደብዳቤ ሲመጣ ፖስታው ላይ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ራሴን አስታውሳለሁ።»

አከራያችን ልጆቿን ከጓሮ ስትጣራ «አቤት» እያሉ ሲሮጡ ይሰማ ነበር። ትርጉሙን ጠየቀኝ። እኔም እንደልማዴ ቃሉ ከአቤቱታ ጋር ያለውን ዝምድና፣ ለበላይና ለእኩያ ያለውን አገባብ እያነሳሁ ማብራራት ጀመርኩ። በትዕግሥት አዳመጠኝና «እናትህ ስትጠራህ የምትለው ማለት ነው» አለ። ከእኔ ማብራሪያ የተሻለ ነበር። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ማለዳ ከግድግዳው ማዶ ለብቻው ሲለማመደው እሰማ ነበር። አቤት። አቤት። ማንም ሳይጠራው።

በሚያዝያ ወር፣ ሐሙስ ጠዋት፣ የኮሌጁ ብቸኛ ስልክ ጮኸ። ጸሐፊዋ ስላልነበረች አነሳሁት። ከወንዝ ማዶ የሚጣራ የመሰለ የወንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ የፊዚክስ መምህሩ ወንድም መሆኑን ነገረኝ። መልእክቱን ከነቀኑ በእንግሊዝኛ በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩት፤ ዛሬም ሳላዛንፍ አስታውሰዋለሁ። «እናታችን በጠና ታመዋል። ከሆስፒታል ወደ ቤት መልሰናቸዋል። ድምፁን መስማት ይፈልጋሉ። አልጋቸውን ከስልኩ አጠገብ አድርገናል። ዛሬ ማታ ይደውል።»

ሌላም ነገር ሰማሁ። ከወንድምየው ድምፅ ጀርባ አንዲት ቀጭን፣ የደከመች የሴት ድምፅ አንዲት አጭር ቃል ትደጋግም ነበር። መጨረሻዋን እያስረዘመች፣ ሦስት ጊዜ ወይም አራት ጊዜ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤተ ሙከራው ስሄድ የአስተዳደር ሹሙን መንገድ ላይ አገኘሁት። ጠጉሩ የሸበተ፣ ከተማው ውስጥ እርቅም ሠርግም ያለ እሱ የማይሆን ሰው ነበር። ወረቀቱን አሳየሁት።

«ምን ልትለው ነው?» አለኝ።

«ደውል ልለው ነዋ፣ ጋሼ።»

«ብቻውን እያለ?»

«ብቻውን ነው እኮ የሚኖረው።»

«ለዚሁ ነው የማይነገረው። ዘመድ በሌለበት አገር፣ በቁሙ፣ ክፍል ውስጥ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ደግሞ ለሩቅ ልጅ «ታመዋል» ተብሎ ስልክ የሚደወለው ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ስንቱን መርዶ አርድቻለሁ። ያገሩ ሰው ይፈለግለትና አጠገቡ ሆኖ ይስማ። እስከዚያ አንተ ትንፍሽ እንዳትል።»

ከስልኩ ጀርባ የሰማኋትን ድምፅ ልነግረው ይገባኝ ነበር። አልነገርኩትም። ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ጎረቤት ልትሆን ትችላለች፣ አልኩ ለራሴ። እውነቱን ግን ከጠየቅኸኝ፣ ሸክሙን ሽማግሌ ስለተቀበለኝ ቀሎኝ ነበር። ወረቀቱን አራት አጥፌ በሸሚዜ ኪስ ከተትኩት።

በማግሥቱ አርብ ያገሩን ሰው ፍለጋ ተላክሁ። በጊንጪ አቅራቢያ፣ በጭልሞ ደን የሚሠራ አንድ ህንዳዊ የደን ባለሙያ ነበር። በሚኒባስ ጊንጪ ወርጄ፣ ከዚያ በእግሬ ወጣሁ። የዝግባው ጥላ ይበርዳል፤ የረጠበ ቅጠል ይሸታል። ጥበቃው ባለሙያው ራቅ ወዳለ የችግኝ ጣቢያ መሄዱንና ቅዳሜ ማታ እንደሚመለስ ነገረኝ። «አምቦ ያለው ያገርህ ልጅ ችግር ገጥሞታልና እሑድ ንጋት ድረስልን» የሚል ማስታወሻ ትቼ ተመለስኩ።

ግቢ ስደርስ መሽቶ ነበር። መምህሩ ደጁ ላይ ቆሞ ነበርና ጠራኝ። «ዛሬ ከእኔ ጋር ብላ፤ ምስር አለ» አለኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ። በትኩስ ዘይት ውስጥ የሰናፍጭ ፍሬ ሲፈነዳ፣ ሽታው አፍንጫን ሲሰነፍጥ፣ ድስቱ ሲያፏጭ፣ ያን ሁሉ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ጣቱን አንስቶ ቆጠረ።

«ሦስት ሲሆን ከእሳት አወርደዋለሁ። እናቴ ከጓሮ ሆና ትቆጥር ነበር፤ በአራተኛው ይላሽቃል ትላለች» አለ። ቀጥሎም እየሳቀ፣ «ስጽፍላት ስለ ጭቃው አልነግራትም። ስለ ውሻው ግን ጽፌያለሁ። ስሙን ጠይቃኛለች። ስም አለው እንዴ?» አለኝ።

«የለውም» አልኩ።

«እንግዲያ እኔና እሱ አንድ ነን።»

ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ደረቴን ይነካኝ ነበር። ምስሩን በልቼ፣ አመስግኜ፣ ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሃያ ያህል ሰዎች በግቢው ቆሙ። መምህራን፣ ጎረቤቶች፣ የአከራያችን የጸሎት ቤት ሴቶች፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው። የአስተዳደር ሹሙ ከፊት ነበር። በሩን አንኳኳ። መምህሩ ሹራቡን ከፒጃማው ላይ እንደደረበ ከፈተ። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ፊቱ በራ። በስምንት ወር ውስጥ እንዲህ ሆኖ ደጁን የረገጠ አልነበረምና።

«በገ ነጋን ዱፍተን» አለ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከዚያ ወደ አማርኛ ዞረ። «ግቡ፣ ግቡ። ወንበር ሁለት ብቻ ነው ያለኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት መታገሥ አቅቷት «ወይኔ እናቴን» ስትል፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ፈገግታው ምክንያቱ ካለፈ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ፊቱ ላይ ቆይቶ ነበር። እንዲህ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

የደን ባለሙያው መኪና በዚያው ቅጽበት ደረሰ። ወርዶ እኔን ያዘኝና ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት።

«ሞታለች?» አለ፣ አንብቦ ሲጨርስ።

«ሞታለች ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

በአገጬ ወደ አስተዳደር ሹሙ አመለከትኩ።

«ይህ ሐሙስ ነው የተጻፈው። ዛሬ እሑድ ነው።» ይህን ያለው ሳይጮህ ነበር። ሕዝቡን በክንዱ እየገፋ ገብቶ በቋንቋቸው ጥቂት ቃላት ተናገረው፤ ወረቀቱንም አስጨበጠው። መምህሩ አነበበ። ከዚያ በባዶ እግሩ ወደ ቴሌ ሮጠ። ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። አልቃሾቹ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እንዳለ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ቴሌ እሑድ ዝግ ነበር። ኦፕሬተሯ ከጀርባው ካለው ቤቷ ወጥታ ነጠላዋን እየጎተተች ከፈተችልን። በአዲስ አበባ በኩል መስመር እስኪገኝ ድረስ ባለመስተዋቱ የስልክ ክፍል ውስጥ እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቀ። ከጀርባው አየው ነበር። እየጠበቀ ጉሮሮውን ያጠራ፣ ጠጉሩን በመዳፉ ያስተካክል ነበር፤ እናቱ የምታየው ይመስል። መስመሩ ተገኘ። ጥቂት ተናገረ። ከዚያ እጀታውን ለደን ባለሙያው ሰጠው።

እናቱ ያረፉት ባለፈው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ ነበር። የደን ባለሙያው የወንድምየውን ቃል ነገረኝ። ሐሙስ ማታም አርብ ማታም ስልኩን አልጋው ላይ አውጥተው፣ እሳቸው እጃቸውን እላዩ ላይ ጭነው ጠብቀዋል። አርብ ማታ። ድስቱ ሲያፏጭ እኔና እሱ የቆጠርንበት ማታ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ይህን እኔ አድርጌዋለሁ የሚለው ሐሳብ ሰውነቴ ውስጥ መግቢያ አጥቶ ውጭ የቆመ ይመስል ነበር።

መምህሩ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። «ሐሙስ በስንት ሰዓት?» አለኝ በአማርኛ።

«ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ።»

ራሱን ነቀነቀ።

ከተማው ሊያስተዛዝነው ድንኳን ተከለ፤ እሱ ግን ሁለት ቀን በሩን ዘግቶ አልወጣም። በዚህ የተቀየሙ ነበሩ። እኔ ደጁ ላይ ከውሻው ጋር ተቀመጥኩ። የአስተዳደር ሹሙ መጥቶ በተዘጋው በር ፊት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆመ። «ለደግ ብለን ነው» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለበሩ አላወቅሁም። ውሸት አልነበረም፤ ያስደነግጠኝም የነበረው ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን ድስቱ ሦስት ጊዜ አፏጨ። በሩ ተከፈተና በሁለት ሳህን ምስር ይዞ ወጣ። አንዱን ሰጠኝ፤ አጠገቤም ተቀመጠ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ወንድሜ ሲያናግርህ ከጀርባው ሌላ ድምፅ ነበር?»

ለማንም ያልተናገርኩትን ነገርኩት። ቃሏን እንደሰማኋት፣ ትርጉሟን ሳላውቅ፣ አልኳት። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«መጨረሻውን ታስረዝመው ነበር?»

«አዎን፤ ታስረዝመው ነበር።»

«የቤት ስሜ ነው» አለ። «ከእሷ በቀር በዚህ የጠራኝ ሰው የለም።»

ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ መጨረሻ አብረን ሻይ በጠጣን ቁጥር፣ ከመነሳቱ በፊት አይኔን ያይ ነበር። እኔም ቃሏን እላለሁ። መጀመሪያ አንደበቴ ይሳሳት ነበር፤ እሱ ያርመኛል፤ ኋላ ኋላ ሳልሳሳት አልኩት። ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ለዚያ የሚበቃ ቃል አላገኘሁም። እሱም ምሬያለሁ አላለኝም። ቃሏን እዚህ አልጽፋትም። የእኔ አይደለችም።

ኮንትራቱ ሲያልቅ መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ድስቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ እጄ ላይ አኖረና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተነሳ። ረዳቱ በሩን ይዞ ይጣራል፤ ቆሎ ሻጮች በመስኮቶቹ ሥር ይሯሯጣሉ፤ ዝናብ ሊመጣ የረጠበ አፈር ይሸታል። አንገቱን በመስኮት አወጣ። ምንም አልጠየቀኝም፤ አየኝ ብቻ። ያን ጊዜ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ ማድረግ የምጠላው እኔ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ቃሏን መጨረሻዋን አስረዝሜ ተጣራሁ።

«አቤት» አለ፤ ከጓሮ እንደተጠራ ልጅ ፈጥኖ።