ትኩሱ ልጣጭና የእማዬ ጽጌረዳዎች

ጥቅምት ሲጋመስ የእሸት ቡና ልጣጭ ሽታ ጅማንና ዙሪያዋን ይሞላዋል፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነ፣ ጠጅ ሊሆን የጀመረ ማር የመሰለ ሽታ ነው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ አፍንጫውን ይይዛል። እኔ ግን ሽታው ከሩቅ ሲመጣ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ ተመልሼ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ካለው ግቢያችን እጄን እስከ ክርኔ ልጣጭ ውስጥ ከትቼ ራሴን አገኘዋለሁ።

እማዬ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ ሰው የሚያውቃት ግን በጽጌረዳዎቿ ነበር። ጉራ አይሁንብኝና፣ በሰፈሩ እንደ እሷ አበባ የሚያውቅ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ቅርንጫፍ ቆርጣ ከጥላ ሥር ትተክልና፣ በመስከረም ሥር የያዘውን ወደ አጥሩ ታዛውረው ነበር፤ በበጋ አጥሩን ተሻግረው ሲያብቡ መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያያቸው ነበር። አባዬ ከጅማ አለፍ ብላ ባለችው ሰርቦ፣ እሸት ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራ ስለነበር፣ በየዓመቱ ልጣጩን በጆንያ ያመጣላት ነበር። እሷም ከጓሮ ትከምረውና አንድ ክረምት ሙሉ ዝናብ እስኪበላው፣ አፈር እስኪመስል ድረስ ማንንም አታስነካም ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

ያን ዓመት ታላቅ እህቴ ሐረግ ታጨች፤ የሙሽራው እናትም ልጅቷን ሊያዩ ከአዲስ አበባ መጡ። ስለ ድግሱ ሲወራ፣ «አበባውን እኛ ከአዲስ አበባ አስጭነን እናመጣለን፤ እዚህ ከየት ይገኛል» አሉ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «ኧረ እንዴት ተደርጎ! ለልጄ እቅፍ የሚሆን አበባ ከግቢዬ አላጣም፤ እርስዎ በዚህ አያስቡ» አለቻቸው። የሰማው ሰው ብዙ ነበር። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ ነበር፤ ይህን ካለችበት ቀን ጀምሮ የእማዬ ክብር ባጥሩ ሥር ባሉት አሥራ ሁለት ግንዶች ላይ ተንጠለጠለ።

ኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ሲያቃጥል፣ እኔም ልርዳ ብዬ ተነሣሁ። ከጓሮ፣ አባዬ በዚያው ሳምንት ያመጣው ትኩስ ልጣጭ በአራት ጆንያ ተቀምጧል። «ያረጀው እንዲህ ካሳመራቸው ትኩሱማ እንዴት ያደርጋቸው ይሆን!» አልኩና፣ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ውላ ሳትመለስ አራቱንም ጆንያ በየግንዱ ሥር ቆለልኩት። ከላዩ አፈር አልብሼ ውኃ አጠጣሁት። ለሠርጉ ማስደነቂያ እንዲሆን ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

በሳምንቱ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን እንደ ተለበለበ ሆነ፤ በአሥረኛው ቀን መርገፍ ጀመረ። እማዬ በሽታ መስሏት አመድ ትነሰንሳለች፣ ቅጠል ትገለብጣለች፤ እኔ ከጓሮ እደበቃለሁ። ጎረቤታችን አዴ ዘሃራ በአጥሩ አየችኝና፣ «ማል ታቴ? ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?» ስትለኝ ለቅሶዬ አመለጠኝ፤ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። ወስዳ እማዬ ፊት አቆመችኝ። እማዬ እጇን ከግንዱ ሥር ሰደደችና፣ «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ተቀመጠች። እኔም እጄን ከተትኩት፤ ልጣጩ ሲቦካ ግሎ እንደ ትኩስ ገንፎ ፈጀኝ። አዴ ዘሃራ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ያዘች።

የእማዬን ቁንጥጫ አልሸሽግም፤ ጭኔ ላይ ሳምንት ከርሟል። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ!» አለችኝ፣ «በይ አሁን ልቀሚው!» ሁለታችንም ተንበርክከን ልጣጩን በእጃችን ዝቀን አወጣን። ከዚያ መቀስ አምጥታ፣ ያን ሁሉ ቅርንጫፍ አንድ ክንድ ያህል አስቀርታ ቆረጠችው። «ጽጌረዳ ተቆርጦ ለማበብ ሃምሳ ቀን ይፈልጋል፤ እኛም የቀረን ይኸው ነው» አለች። እሷ ዘወትር ለጥር እንዲደርሱላት ቆጥራ ነበር የምትቆርጣቸው፤ ያኔ ግን ሥሩ ከነቃጠሎው ይድን እንደሆን አታውቅም ነበር።

ጧት ከትምህርት ቤት በፊት፣ ማታ ፀሐይ ሲበርድ ማጠጣቱ የኔ ሆነ። አምስቱ ግንድ ደረቀ። ሰባቱ በታኅሣሥ ቀይ ቡቃያ አወጡ፤ በጥምቀት ግን እንቡጡ ሁሉ ድፍን ነበር። እማዬ «አበባ ከአዲስ አበባ ይምጣ» ብላ እንድትደውል አባዬ ቢለምናት፣ «ቃሌን አላጥፍም» አለችው። የሠርጉ ለት ሲነጋ ሮጬ ወጣሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ጽጌረዳ ፈክቷል። እልል አልኩ፣ ከሙሽራዋ ቤት የመጀመሪያዋ እልልታ የኔ ነበረች።

የሙሽራው እናት ለክፉም ለደጉም ብለው አበባ አስጭነው መጥተው ነበር። የሐረግን እቅፍ ተቀብለው ጠጋ አድርገው አሸተቱና፣ «ይሄማ ሽታ አለው! የማን እጅ ነው?» አሉ። እኔ ጎንበስ አልኩ። እማዬ መዳፏን አናቴ ላይ አሳርፋ፣ «የዚች የትንሿ ነው። ሁለት ወር ሙሉ እሷ ናት ያጠጣቻቸው» አለች። ስለ ልጣጩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። እንደዚያን ቀን አፍሬም ኮርቼም አላውቅም።

ዛሬ ጅማ ውስጥ የሠርግ አበባ በአንድ ስልክ ይመጣል፤ ያምራልም፣ ማማት አልፈልግም። እማዬ ጉልበቷ አላጎነብስ ስላላት ወንበር ላይ ሆና ታዛለች፣ ቆራጯ እኔ ነኝ። ባለፈው፣ በሠርጉ ቀን ለምን እንዳልነገረችብኝ ብጠይቃት፣ «ምን ብዬ? ጥፋትሽን እኛው ካወቅነው አይበቃም?» አለችኝና ወደ ቡቃያዋ ዞረች። እኔ ደግሞ ትናንት ልጄ የሰበረችውን የአበባ ማሰሮ ለሦስት ሰው ደውዬ አውርቻለሁ።