የከሱ ቅቤ ነጋዴ

አባቴ ኮልፌ ገበያ ውስጥ የታወቁ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ። ከቅቤያቸው እኩል ቦርጫቸውም የታወቀ ነበር። ገዢ ሲያንገራግር ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው፣ «ይኸው ምስክሬ! መጥፎ ቅቤ እንዲህ ያወፍራል?» ይሉታል፤ እሱም ስቆ ይገዛል። ያኔ ውፍረትን በሽታ የሚለው ማን ነበር? ኧረ እንዲያውም ምርቃት ነበር።

እኔ ባሌን ፈትቼ ሱቃቸው ውስጥ አግዛቸው ነበር። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ዳገቱ መሃል ላይ ደረታቸውን ይዘው ቆሙ። ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። ሐኪሙ አዳምጧቸው ሲያበቃ፣ «ልብዎ ይህን ሁሉ ሰውነት መሸከም አቅቶታል። ቅቤና ጮማ ይተዉ፤ በየማለዳው በእግርዎ ይሂዱ» አላቸው።

«ቅቤ ነጋዴን ቅቤ ተው ይሉታል?» ብለው ሳቁ። ግን ፈርተው ነበር፤ በማግስቱ ቀድመውኝ ተነሱ።

እስከ ጦር ኃይሎች ደርሰን እንመለስ ጀመር። መጀመሪያ በየአጥሩ ጥግ ቆመው ሲያለከልኩ አንጀቴን ይበሉት ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ያንን ዳገት እያወሩ ይወጡት ጀመር። «ነይ እንጂ፣ አንቺ አሮጊት!» ይሉኛል። ሱሪያቸው በቀበቶ ተሸብሽቦ ሳየው ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

ሰፈሩ ግን አዘነ። «ምነው፣ ከሰሩ እንዴ?» «ዓይን ነው የበላቸው!» ገዢዎችም፣ ቅቤው ደህና ቢሆን ባለቤቱ እንዲህ ይከሱ ነበር ወይ እያሉ ወደ ጎረቤት መደብ አለፉ። እናቴን ደግሞ ሴቶቹ፣ «አንቺ፣ ባልሽን ጦም ታሳድሪያቸዋለሽ እንዴ?» አሏት። እሷ ይህን አልቻለችውም።

የአረፋ ዕለት ዘመድ ሁሉ ቤታችን ተሰበሰበ። አባቴ ጎመን ቆንጠር ሲያደርጉ፣ ታላቅ ወንድማቸው በቅቤ የራሰ ክትፎ አፋቸው ድረስ አመጡ።

«ሐኪም ከልክሎኛል» አሉ አባቴ።

«አፈር ስሆን! በሞቴ!»

ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? አፋቸውን ከፈቱ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። እናቴም እያለቀሰች አጎረሰቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ስቀሰቅሳቸው፣ «ነገ፣ ልጄ፣ ነገ» ሆነ መልሳቸው። ገዢው ተመለሰ፤ ቦርጫቸውም ተመለሰ። «አልሐምዱሊላህ፣ ፊትዎ መለስ አለ!» ሲሏቸው ፈገግ ይላሉ። ዳገቱ ላይ እንደገና ደረታቸውን ይዘው ሲቆሙ የማያቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለእናቴ ብነግራት፣ «አንቺ ደግሞ አታሟርቺ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ክረምቱ ሳይገባ፣ ቅቤ እየመዘኑ ሳለ እዚያው መደባቸው ላይ ወደቁ። አልተነሱም።

ለቅሶው ላይ አንዲት ጎረቤት የእናቴን እጅ ይዛ፣ «ደግነቱ ከስተው አልሞቱም። ሰውነታቸው ተመልሶላቸው ነው የሄዱት» አለቻት። በንዴት ጦፍኩ፤ ተነስቼ ልጮህባት ምንም አልቀረኝም።

እናቴ እንባዋን ጠረገች። «እውነትሽን ነው» አለቻት፤ ወደ እኔ ግን ቀና ብላ አላየችም።