ለኤርካሎ ዜማ የተሠራ ቤት

ጣሊያን ሶዶ በገባ በሁለተኛው ዓመት ሽማግሌዎቹ ኤርካሎ ከተወለደ መቶ ዓመት ሞላው ብለው ተስማሙ። ኤርካሎ በዳሞታ ተራራ ሥር ያሉ መንደሮች ሁሉ በኅብረት የሚያዜሙትን የሥራ ዜማዎች የደረሰ ሰው ነበር፤ አንድ አውጪ ይመራል፣ ሴቶቹ ከላይ ይቀበላሉ፣ ወንዶቹ ከታች ያጉረመርማሉ። ከራሱ አፍ ከተማሩት አውጪዎች በሕይወት የቀረችው ቦሼ ብቻ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ላም ያላት፣ ከዜማ ውጭ ድምጿ ብዙም የማይሰማ ሴት።

የኤርካሎ የመጨረሻ ልጅ ሻንቆ፣ አባቴን እናስበው ብሎ ሲመጣባት በሩን ገርበብ አደረገች። መሰብሰብ ክልክል ነው። የባሏን ወንድም ለጸሎት ተሰብስበሃል ብለው ገርፈውት፣ እስካሁን በሆዱ ነው የሚተኛው። ሻንቆ ግን ዘዴ አብጅቶ ነበር። ጣሊያን ደቦ አይከለክልም፤ እያንዳንዱ መንደር በየተራው ሥራ ያዘጋጅና ዜማው ከሥራው ጋር ይዜም አለ። ቦሼ ሽማግሌውን ሻንቆን እምቢ ማለት አቃታት።

የመጀመሪያው መንደር እንሰት ሲተክል አዜመ፤ ሁለተኛው አጥር ሲያጥር። ቦሼ እያወጣችም ዓይኗ ከመንገዱ አይነሳም። ጫማ ያደረገ ሰው ባየች ቁጥር ወታደር ይመስላታል። አንዴ መንገደኛ ነጋዴ አይታ ግጥሙ ጠፋባት፤ ተቀባዮቹ ያንኑ እየደጋገሙ ጠበቋት።

ሦስተኛው ተራ የራሷ መንደር ነበር። ኤርካሎ ትልቁን ዜማውን የደረሰው ለቤት ክዳን ነው፤ ያን ሰሞን ግን በመንደሩ ቤት የሚሠራ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ለዜማው ሲባል ብቻ፣ ባለቤት የሌለው ቤት ቆመ።

ሣሩ ወደ ጣራው እየተወረወረ፣ ዜማው ሞቅ እንዳለ፣ ወታደሮች ከሶዶ በኩል መጡ። አለቃቸው ሹምባሽ የሚሉት የጣሊያን ቅጥር ጦር ሹም ነው፤ አጠገቡ ቦሼ በገበያ የምታውቀው የከተማው ሰው ቦጋለ ለአስተርጓሚነት ቆሟል።

«ይህ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ለማን ቤት ነው ይላል» አለ ቦጋለ።

ሁሉም ወደ ሻንቆ ዞረ።

«የኔ ነው» አለች ቦሼ። ቃሉ እንዴት እንደወጣት አታውቅም።

ሹምባሹ እስካሁንስ የት ትኖሪ ነበር ብሎ አስጠየቃት። ቁልቁል ወደ ቤቷ ጠቆመችና ምስጥ በልቶታል አለች። ውሸቷን ነው፤ ባሏ በእጁ የሠራው ቤት አንድ ግንዱ እንኳ አልተነካም።

ሹምባሹ ሳቅ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ። ቦጋለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምስጥ የበላው ቤት ምን ይሠራል፣ ይቃጠል ይላል» አላት።

ካለቀሰች ውሸቷ ይታወቃል። ከታወቀ ደግሞ ሻንቆም ጎረቤቱም ወደ ሶዶ እስር ቤት ይነዳል። ላሟን እንድታወጣ ብቻ ለመነች። ቦጋለ ሹምባሹን ሳይጠይቅ «ሂጂ፣ ቶሎ በይ» አላት። ላሟንና የባሏን ጋቢ ይዛ ወጣች። ከኋላዋ የቤቷ ሣር በእሳት ሲንጣጣ ሰማች፤ ዞራ አላየችም።

ሥራችሁን ቀጥሉ ተባለ። ወታደሮቹ ቆመው ያያሉ። ሣሩ ያለ ዜማ ተወረወረ። ቦሼ ምሰሶውን ጨብጣ ዜማውን ጀመረች፤ ድምጿ ከመቅጠኑ የተነሳ አጠገቧ ያሉት ብቻ ሰሟት። እነሱ ተቀበሉ፣ ከዚያ ወንዶቹ ከታች ገቡ። ወታደሮቹ ክዳኑ ሳያልቅ ሰልችቷቸው ሄዱ። ከኮረብታው ጀርባ ከተሰወሩም በኋላ ዜማው አልቆመም፤ ማቆሙ ራሱ አስፈራቸው።

ቦሼ ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ በዚያ ቤት ኖረች። ጎረቤቶቿ እንሰትና ቅቤ እያመጡ ቢያጽናኗትም፣ በደጇ የእግር ኮቴ በሰማች ቁጥር ላሟን ፈታ ለመውጣት ትነሳ ነበር። ነጻነት ሲመጣ ሻንቆ የአባቱን ዜማ በሶዶ ገበያ ሜዳ በግልጽ አሰማ። ቦሼም ሄዳ የእንሰቱንና የአጥሩን አወጣች። የክዳኑ ሲደርስ ግን ሣሩ የሚንጣጣ መሰላት፤ ትርፌ የምትባለውን ጎረቤቷን አንቺ አውጪው ብላ፣ ከተቀባዮቹ መሃል ገብታ ቆመች።