ስድስት ላይ የቆመው ቆጠራ

የማርከር ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር ያቺ ሳን ሆዜ ያለችው ጠባብ አፓርትማችን ከነጫጫታዋ ትመጣብኛለች። አባባ፣ የእናቴ አባት፣ የሳሎኑን ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በወረቀት ሸፍኖ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አውርዶ፣ የዘራችንን ሐረግ ይጽፍ ነበር። ከሁሉ በላይ አቅኚው አባታችን ጎሹ አለ፤ ጎጃም ውስጥ ማንም ያልረገጠውን ጫካ በመጥረቢያ መንጥሮ መጀመሪያ ያረሰው እሱ ነው። ከእሱ ሥር ልጅ፣ የልጅ ልጅ እየተባለ ወርዶ ወርዶ፣ ታች ጥግ ላይ እኔ! ስሜ የተጻፈ ቀን ቤቱ አልበቃኝም ነበር።

ሳን ሆዜ ዝናቡ የሚጥለው በገና ሰሞን ነው፤ አባባ ግን «ክረምት ገባ» እያለ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ አስቀምጦ ያስቆጥረኝ ነበር። በአማርኛ ሲያናግሩኝ በእንግሊዝኛ የምመልሰው ልጅ፣ ዘር ቁጠሪ ስባል ሳንድዊቼን እየገመጥኩ እስከ ጎሹ አንበለብለው ነበር።

በዚያው ሰሞን የእናቴ ታናሽ፣ አብራን የምትኖረው አክስቴ ብርቄ፣ ኦክላንድ አብሯት የሚሠራ ዳኛቸው አለሙ የሚባል ነርስ ልታገባ ነው ተባለ። እኔማ የቀሚሴን ቀለም ሳይቀር መርጬ ጨረስኩ። ምን ዋጋ አለው፣ ዳኛቸውም የጎሹ ዘር ሆኖ ተገኘ! እኛ ዘንድ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም፤ ከዚያ በታች እህትና ወንድም ነው። አባባ ዳኛቸውን በስልክ እያስቆጠረ ጻፈ፤ በእኛ በኩል ሰባት ሞላ፣ በእሱ በኩል ስድስት ላይ ቆመ። ሦስቴ ተቆጠረ፣ ያው ስድስት። አክስቴ እሱን ካላገባሁ ማንንም አላገባም ብላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። እናቴ አሜሪካ ሆነን ይህን ማን ይቆጥረዋል ብላ ብትሟገት፣ አባባ «አሜሪካ ስለገባን ሥጋችን ተለወጠ እንዴ?» ብሎ ወደ ወረቀቱ ዞረ።

ዝናቡ አባርቶ ዛፎቹ ሲያብቡ፣ ዳኛቸው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሊለምን መጣና ከወረቀቱ ሥር ተቀመጠ። ከመኝታ ቤት የአክስቴ ለቅሶ ይሰማል። ዝም ማለት መች ልማዴ ሆኖ! ግድግዳው ላይ ከስሙ በላይ ያለውን ስም እያሳየሁ «ዳድህ አለሙ ናይስ ነበር?» አልኩት።

ፈገግ ብሎ በጣም ናይስ እንደነበር፣ በትከሻው ተሸክሞ ትምህርት ቤት ሲያደርሰው ሽበቱን ይዞ ይሄድ እንደነበር ነገረኝ። ሽበት ሲል አባባ ቀና አለ።

«ሲወልድህ ስንት ዓመቱ ነበር?»

ዳኛቸው አቀረቀረ። «አባባ፣ አለሙ አያቴ ነው። ወላጅ አባቴ ሆድ ውስጥ እያለሁ ሞተ። ያሳደገኝም፣ ስሙን የሰጠኝም አለሙ ነው። አባቴ አይደለም ብል የካድኩት መሰለኝ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።»

«ልጄ፣ ያሳደገህን አከበርክ፣ የወለደህን ግን ዘለልከው» አለ አባባ ቀስ ብሎ። «ማን ይባላል?»

«ፈንቴ።»

አባባ ማርከሩን አንስቶ ፈንቴን በዳኛቸውና በአለሙ መሃል ሸጎጠው፤ ከዚያ ወንበር ላይ አቁሞ ቁጠሪ አለኝ። በጣቴ እየነካሁ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እየጮህኩ ቆጠርኩ። ሰባት! እናቴ እልልታውን አቀለጠችው፣ አክስቴ በሩን በርግዳ ወጣች፣ ታች ያለችው ጎረቤታችን በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሷን ደበደበች። እንደዚያ ቀን ጮቤ ረግጬ አላውቅም። በጋው ሲገባ ተጋቡ።

ዛሬ አባባ የለም፤ እነ አክስቴም ፕሌዘንተን ከተማ ቤት ገዝተው፣ የመጀመሪያ ልጃቸውን ፈንቴ ብለውታል። ያኔ ይህን ስም የሚያነሳው አንድም ሰው አልነበረም፣ የገዛ ልጁ እንኳ ከአፉ አያወጣውም ነበር። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱ ጋ ስሄድ፣ ገና ከመኪናዬ ሳልወርድ፣ ዳኛቸው ጓሮ ሆኖ «ፈንቴ! ና እንጂ ፈንቴ!» እያለ ሲጣራ እሰማዋለሁ።