የጃርት እንቁላል

ስልኩ ሲጠራ ጋሽ ጫኔ ጫማውን እያስጠረገ ነበር። አሥር ሰዓት አልፏል።

«መዓሊን፣ ዐኒሳ አንተ ጋ አለች?»

ሪሐና ናት፤ መምህሩን በሶማልኛ «መዓሊን» እያለች የምትጠራው፣ ከቶጎጫሌ ልብስ እያመጣች ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ የምትሸጥ። ዐኒሳ አንድዬ ልጇ ናት፣ አምስተኛ ክፍል፤ ሳይንስ የሚያስተምራት ጋሽ ጫኔ ነው። ተማሪ የሚለቀቀው እኩለ ቀን ላይ ነው። ልጅቷ ግን ቤት አልደረሰችም፣ ምሳ አልበላችም፣ ጎረቤትም የለችም።

«እኔ ጋ የለችም» አለ።

«ለጓደኛዋ የጃርት እንቁላል ላመጣ ነው ብላታለች አሉ። የጃርት እንቁላል የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

ጋሽ ጫኔ አንድ እግሩን የሊስትሮው ሳጥን ላይ እንደሰቀለ ደርቆ ቀረ።

ወይ ጋሽ ጫኔ! ሰውዬው ክፉ እንዳይመስላችሁ። ከጎጃም ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ እዚሁ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ሶማልኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ሲቆጣ ብቻ ይሰምርለታል። የታመመ ወላጅ ሳይጠይቅ አይውልም፣ ለቅሶ አይቀርም። በ2010 ክረምት ከተማዋ ስትታመስ ያዳነችውም ይቺው ሪሐና ናት። ጓዳዋ አስገብታው በሯ ላይ ቆመችና «እንግዳዬ ነው፣ እሱን የሚፈልግ መጀመሪያ እኔን ያልፋል» አለች። ያለፋት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ እሷን ሲያይ ከወንበሩ ይነሳል።

አንድ ዐመል ግን አለው። «ተሳሳትኩ» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ሰሌዳ ላይ ስህተት ሲያገኙበት እንኳ «ሆን ብዬ ነው፣ ነቅታችሁ እንደሆነ ልይ» ይላል! ልጆቹም ይስቃሉ፣ እሱም ይስቃል፣ ነገሩ በዚያው ያልፋል።

ትናንት አላለፈም። ትናንት ስለ አጥቢ እንስሳት ሲያስተምር ኤኪድና የምትባለዋን የአውስትራሊያ እንስሳ አነሳ። ጀርባዋ እሾህ ነው፣ አፏ እንደ ቱቦ የሾለ፣ ጥርስ የላትም። በረጅሙና በሚያጣብቀው ምላሷ ጉንዳንና ምስጥ ትለቅማለች። የኋላ እግሮቿ ጣቶች ወደ ኋላ የዞሩ ናቸው። እንቁላል ትጥላለች፣ ግን ወተት አላት! ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ታዲያ አንዱ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ካራማራ ሥር ያለችው የእኛ ጃርትም እንቁላል ትጥላለች?» አለ።

አላውቅም ማለት ምን ነበረበት? እሱ ግን «እንዴታ! ያው ዘመድ አይደሉ!» ብሎ ቁጭ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ግማሹ ልጅ የአርብቶ አደር የልጅ ልጅ ነው፤ ጃርትን ከእሱ በላይ ያውቃል። ከኋላ አንዱ «ቲቸር ዋሸ!» ሲል ደሙ ፈላ። «ጉድጓዷ ገብታችሁ አይታችኋል? ሄዳችሁ እዩና ያኔ እንነጋገራለን!» አለ።

ያልሳቀችው ዐኒሳ ብቻ ነበረች። ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እንባ ባቀረረ ዓይኗ የሚስቁትን ልጆች ስታይ አይቷት ነበር። አሁን ያ ዓይኗ ፊቱ ድቅን አለበት።

ሪሐና ወንድሟን ዐብዲጀባርን ከነባጃጁ ይዛ መጣች። ጋሽ ጫኔ አንድ እግሩ የተወለወለ፣ አንድ እግሩ አቧራ እንደሆነ ዘሎ ገባ። ወደ ካራማራ መውጫ ከነፉ። ከተማው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ሪሐና ዞረችበት።

«አለ ወይስ የለም?»

«እ… አውስትራሊያ ውስጥ…»

«አውስትራሊያን አልጠየቅኩህም! እዚህ፣ ልጄ የሄደችበት፣ አለ ወይ?»

 ያቺ «ተሳሳትኩ» የምትል ቃል አፉ ላይ ነበረች፤ አልወጣ አለች። ዐብዲጀባር መሪውን እንደያዘ «ተዪው እስቲ፣ መጀመሪያ ልጅቷን እናግኛት» አለ።

ካራማራ ሥር፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ጋ ባጃጁን አቁመው በእግር ወረዱ። አካባቢው የጉድጓድ አገር ነው። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ምስጥ በሊታው አውሬ፣ አዋልዲጌሳ ነው፤ እሱ ጥሎት ሲሄድ ጃርት ትገባበታለች፣ አንዳንዴም ጅብ። እዚያች አገር የትኛው ውስጥ ማን እንዳለ ገምቶ እጁን የሚሰድ ሰው የለም። ሪሐና ይህን ታውቃለች። «ዐኒሳ! ዐኒሳ ሆይ!» እያለች ከጉድጓድ ጉድጓድ ትሮጣለች።

የደብተር ቦርሳዋን ያየው ዐብዲጀባር ነው። ከአንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ ነጠላ ጫማዋንም ቤት የምትገባ ይመስል አውልቃ ጎን ለጎን አስተካክላዋለች። ጋሽ ጫኔ በደረቱ ተኝቶ ወደ ውስጥ አየ። ልጅቷ በጭንቅላቷ በኩል ገብታ፣ የጉድጓዱ ጣሪያ ወገቧ ላይ ተንዶ ይዟታል። ከአፈሩ ወዲህ የሚታየው ባዶ እግሯ ብቻ ነው።

«ዐኒሳ! ትሰሚኛለሽ?»

«ቲቸር…» ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «እዚህ ውስጥ አለች። ስትተነፍስ ይሰማኛል።»

ወዲያው ከውስጥ ሽርርር የሚል ድምፅ መጣ። ጃርቷ እሾኋን እያራገፈች ነው። ጃርት ስትቆጣ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ኋላ ትመጣለች፤ እዚያ ጠባብ ውስጥ ደግሞ ከኋላዋ ያለው የልጅቷ ፊት ነው። ዐኒሳ ጮኸችና እግሯን አወራጨች። ከላይ ሌላ አፈር ረገፈ። ዐብዲጀባር ቁርጭምጭሚቷን ይዞ ሊጎትት ሲል ጋሽ ጫኔ «ተው! ይናድባታል!» ብሎ እጁን መታው።

«ዐኒሳ፣ ስሚኝ። ኤኪድና ስትፈራ ምን ታደርጋለች?»

ልጅቷ እግሯን ማወራጨቷን አላቆመችም።

«ንገሪኝ እንጂ! ትሮጣለች?»

«አትሮጥም…»

«እሺ የኔ ልጅ፣ ምን ታደርጋለች?»

«ባለችበት… አፈሩን ሙጭጭ አድርጋ ትይዛለች። ፀጥ ትላለች።»

«አንቺም እንደዚያ። ፊትሽን ክንድሽ ውስጥ ቅበሪ። እንቁላሏንስ የት ነው የምታስቀምጠው?»

እየጠየቃት በሁለት እጁ አፈሩን ይዝቃል። ዐብዲጀባር የተዛቀውን ወደ ውጭ ይገፋል። ልጅቷም ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ትመልሳለች፤ ኤኪድና እንቁላሏን ሆዷ ላይ ባለው ከረጢት ታስቀምጣለች፣ ልጇም እናቱ ጡት ስለሌላት ወተቱን ከቆዳዋ ላይ ይልሳል። ሽርርር ሲል ትቆማለች፣ ፀጥ ሲል ትቀጥላለች። የጋሽ ጫኔ ጥፍር ተሰንጥቆ ይደማል፣ አላየውም። ሪሐና ከኋላው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ዱዓ ታደርጋለች። እሱም በሆዱ ማርያምን ይለምናል፤ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለዚያች ልጅ፣ በሯ ላይ ቆማ ስላዳነችው እናቷም።

ወገቧ ነፃ ሲወጣ «አሁን!» አለ። ሁለቱ እኩል ሳቧት፤ እንደ ከረጢት ተንሸራታ ወጣች። ጃርቷ በስተኋላዋ እሾኋን አንዴ አራገፈችና ወደ ጥልቁ ተመለሰች።

ልጅቷ ከጠጉሯ እስከ እግሯ አፈር ነበረች። ክንዷ ላይ ሁለት እሾህ ተሰክተዋል። ሪሐና አቅፋት፣ ትስማታለች፣ ትመታታለች፣ ደግሞ ትስማታለች። ጋሽ ጫኔ እዚያው ተቀምጦ የእጁን አፈር ያራግፋል። ልጅቷን ሊያያት አልደፈረም።

ዐኒሳ ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀና ብላ አየችው።

«ቲቸር» አለች በሹክሹክታ፣ እናቷ እንዳትሰማ። «ውስጡ ደርሼ አየሁ፣ በእጄም ዳሰስኩ። ልጆቿ አሉ፣ ሁለት ናቸው። ሲጠቡ ሰማኋቸው። እንቁላል የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን እንዳይጨነቁ። ለሳቁብዎት ልጆች አልነግራቸውም። እንቁላሉን አየሁ እላቸዋለሁ።»

ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረውን ያን ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር ልቡን መትቶት አያውቅም። ሪሐና ሰምታ ኖሯል፤ ዞር ብላ አየችው፣ ምን እንደሚል ጠበቀች።

«አትዋሺልኝ» አለ። ድምፁ ተሰባበረ። «ተሳስቻለሁ። ነገ እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

ሪሐና የልጇን ነጠላ ጫማ አንስታ አፈሩን አራገፈችና፣ እንዲያለብሳት ለእሱ ሰጠችው።